ከባልዲ ወደ ጀሪካን

በቦሌና በየካ ክፍለ ከተሞች መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ቆም ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ ከዋጋ ክርክሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ዕቃውን መቼ ልቀይርለት?» ሻጩ ጊዜ ካለው «በስድስት ወር» ይላል፤ ወይም «ክረምቱ ይግባ» ይላል፤ ሲሰለቸው ደግሞ «እትዬ፣ እርስዎ ውሃውን ብቻ አይርሱት» ብሎ ይሸኛል። የሚገርመው ሦስቱም መልሶች ለሆነ ተክል ትክክል መሆናቸው ነው። የሚሳሳቱት ለሁሉም ተክል በጅምላ ሲነገሩ ነው።

ጥያቄው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ሲዘረጋ፣ ግቢ የነበረው ሰው በረንዳ ብቻ ቀረው። ከመሀል ከተማ የተነሣው ቤተሰብ ግን ጤና አዳሙን፣ በሶብላውንና ጠጅ ሳሩን ጥሎ አልሄደም፤ በቀለም ባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዞት ደረጃውን ወጣ። መሬት ላይ የተተከለ ጤና አዳም ሥር የሚሰድበት ቦታ አያጣም፤ ባለቤቱም ስለ ሥሩ አስቦ አያውቅም። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ተክሉ ስንት ሊትር አፈር እንደሚደርሰው የሚወስነው ሰው ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ነገሩን በአንድ ጊዜ መገላገል ነው። ችግኟን ከላስቲኳ አውጥቶ፣ የመጨረሻ ቤቷ ይሆናል ባለው ትልቅ ጀሪካን ውስጥ መሐል ላይ መትከል። «ትደግበት» ይባላል። ከወር በኋላ ችግኟ ታች ታቹ ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ፣ ግንዷ መሬቱ ጋ እየጠቆረ ትቀራለች። ባለቤቱም «ውሃ አንሷት ይሆናል» ብሎ ይጨምርላታል።

በዕቃ ውስጥ ያለ አፈር እንደ ሜዳ አፈር አይጠነፍፍም። የተነከረ ስፖንጅ ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ታችኛው ጫፍ ግን ሳይጨምቁት ውሃውን አይለቅም። አፈሩም እንደዚያው ነው። ዕቃው ከታች የቱንም ያህል ቢበሳ፣ ከወለሉ በላይ ጥቂት ሴንቲሜትር የሚሆን ንጣፍ ውሃ እንደጠገበ ይቆያል። የዚህ ንጣፍ ከፍታ የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት እንጂ በዕቃው ቁመት አይደለም፤ ስለዚህ አጭርና ሰፊ ዕቃ ከረጅሙ ይልቅ ይረጥባል። ከታች ጠጠር መደርደርም ነገሩን አያሻሽለውም፤ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይወርድ እርጥቡ ንጣፍ ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል፣ ማለትም ወደ ሥሩ ይጠጋል። በአዲስ አበባ የአበባ ዕቃ ውስጥ ጠጠር ያልደረደረ ሰው ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ይህን እርጥበት የሚመጠው ሥር ነው። ሥር በሞላበት አፈር ውስጥ ውሃው በሁለት በሦስት ቀን ይመጠጥና በቦታው አየር ይገባል። አንዲት ትንሽ ችግኝ በ20 ሊትር አፈር መሐል ስትቀመጥ ግን ዐሥራ ዘጠኙን ሊትር የሚጠጣው የለም። አፈሩ እንደረጠበ ይሰነብታል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ አየር ባጣበት ቦታ ደግሞ አበስባሽ ፈንገሶች ይሰለጥናሉ። በሐምሌና በነሐሴ፣ ፀሐይ በጠፋችበት ሰሞን፣ ይህ በፍጥነት ይደርሳል። ተክልን ደረጃ በደረጃ ከትንሽ ወደ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ ወደ ትልቅ ማዛወር የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ደረጃው ምን ያህል ይሁን የሚለው ላይ ዓይን ያታልላል። ስፋቱም ቁመቱም 10 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ዕቃ 1 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ 0.8 ሊትር ገደማ ነው። 15 በ15 የሆነው 2.6 ሊትር ይይዛል። 20 በ20 ከ6 ሊትር ትንሽ ያልፋል፤ 30 በ30 ደግሞ 21 ሊትር ይሆናል። ከ10 ወደ 30 የዘለለ ሰው ዕቃውን በሦስት እጥፍ ያሳደገ ይመስለዋል፤ አፈሩን ግን በ27 እጥፍ ነው ያበዛው። ከ10 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 20 ወይም 22 መሄድ በቂ ነው። ዙሪያውን አንድ ሁለት ጣት የሚያስገባ አዲስ አፈር ከተገኘ ደህና ደረጃ ነው።

ተቃራኒው ስሕተት፣ በትንሹ ዕቃ መተው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን የዩሊኽ የምርምር ማዕከል ሄንድሪክ ፖርተርና ባልደረቦቹ በዕቃ መጠን ላይ የተሠሩ 65 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያመሳክሩ፣ የዕቃው ይዘት እጥፍ ሲሆን የተክሉ ክብደት በአማካይ 43 በመቶ እንደሚጨምር አገኙ። እነዚሁ ሰዎች በሆስፒታል የሰውን ውስጥ አካል ለማየት በሚያገለግለው የኤምአርአይ መሣሪያ ገብስንና ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዘመድ በዕቃው ውስጥ እንዳለ ሲያነሱት፣ ሥሩ መሐል ላይ ተሰብስቦ አልተገኘም። በፍጥነት ወደ ግድግዳው ሄዶ አብዛኛው ከዳር ዳር ተከማችቷል። ተክሉ የዕቃውን ዳርቻ ቀድሞ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ ያለው እድገት ይገታል። አንዳንድ ጊዜ ማዳበሪያና ውሃ ሳይጓደል «ቆመ» የሚባለው ተክል የቆመው በዚህ ነው።

ግድግዳውን ያገኘ ሥር ወደ ኋላ አይመለስም። ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ለሦስት ወር ለሚቆይ ሰላጣ ይህ ምንም አይደለም። ሃያ ዓመት ለሚቆም ዛፍ ግን የተጠቀለለው ሥር እየወፈረ ሲሄድ ግንዱን ራሱን ያንቃል፤ በነፋስ ጊዜም ዙሪያውን የያዘው ነገር ስለሌለ ከነሥሩ ይወድቃል። መሬት ላይ ከተተከለ ከዓመታት በኋላ የሚታየው ጥፋት የተጀመረው በችግኝ ጣቢያ፣ በአንዲት ጠባብ ላስቲክ ውስጥ ነው።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ ነው በየጥቂት ሳምንቱ መደቡን የሚዞሩት። ላስቲኮቹ መሬት ላይ ተደርድረው ሲቆዩ ሥሩ ከታች በስቶ ወደ መደቡ አፈር ይገባል። ሠራተኛዋ አንድ በአንድ ታነሣለች፤ ከታች የወጣውን ሥር በመቀስ ትቆርጣለች፤ መልሳ ትደረድራለች። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ ሲዘለል ይታያል። ያልተገረዘው ችግኝ ከጓደኞቹ በላይ ረዝሞ ያምራል፤ ገዢም እሱን ይመርጣል። ወደ ቤት ሲወሰድ ግን መደቡ ውስጥ የነበረው ሥሩ ተበጥሶ ቀርቷልና በሁለተኛው ቀን ይጠወልጋል። መንገድ ዳር ችግኝ የሚገዛ ሰው ቅጠሉን ከማየቱ በፊት ላስቲኩን አንሥቶ ሆዱን ቢያይ ይሻለዋል። ከታች የተበጠሰ ወፍራም ሥር ካለ ሌላ ይምረጥ።

ላስቲኩ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ፣ እጅግ ብዙው ከላስቲክ ውስጥ የወጣ ነበር። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ላስቲኩ ሳይቀደድ የሚተከል ችግኝ አይጠፋም። በቤትም ይኸው ይደረጋል፤ «ሥሩ እንዳይነካ» በሚል ርኅራኄ ከነላስቲኩ ባልዲ ውስጥ ይቀበራል። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ከአንድ ቀን በፊት ውሃ ይጠጣል፤ በማግሥቱ ላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ከታች ተጠምዝዞ የቀረ ሥር ካለ የመጨረሻው አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከነአፈሩ ይቆረጣል። የቡና ችግኝ አልሚዎች በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። የቡና ዋና ሥር ታጥፎ ከተተከለ ዛፉ ለዓመታት ደህና መስሎ ይኖርና ፍሬ በሚበዛበትና ድርቅ በሚጠናበት ጊዜ ይከዳል፤ ስለዚህ የታጠፈ ሥር ያለው ችግኝ ማሳ ሳይደርስ ይጣላል።

የቡና ችግኝ የሚዛወረው ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመደብ ወደ ላስቲክ፣ ከላስቲክ ወደ ማሳ። ብዙዎች ዘሩን በቀጥታ ላስቲክ ውስጥ እየዘሩ አንዱን ዙር ይተዉታል። ለገበያ የሚያመርት ሁሉ እንዲህ ያስባል፤ እያንዳንዱ ዝውውር የሰው ጉልበት ነው፣ ጉልበትም ገንዘብ ነው። ቆቃ አካባቢ ካሉት እርሻዎች በቦሌ አየር ማረፊያ በኩል ወደ አውሮፓ የሚጫኑት የጄራንየም ቁርጥራጮች ጭራሽ ሥር ሳያወጡ ነው የሚበሩት። እዚያ ሲደርሱ በትንንሽ ጉድጓዶች በተሞላ ትሪ ላይ ሥር ያወጣሉ፤ ከዚያ አንዴ ወደ መሸጫ ዕቃቸው ገብተው ያብባሉ። አንድ ዝውውር፣ አለቀ።

በዚህ ሚዛን የጉራጌ ገበሬ የሚያደርገው ነገር እብደት ሊመስል ይችላል።

እንሰት በኢትዮጵያ፣ ምናልባትም በዓለም፣ ከሚዛወሩት የምግብ ተክሎች ሁሉ በተደጋጋሚ የሚዛወር ነው። ገና ያልደረሰ እንሰት ይነቀልና የሥሩ ጉልቻ፣ አሚቾው፣ መሐሉ ላይ ያለው የእድገት እምቡጥ ይወጣለታል። ከዚያ ከፍግ ጋር መሬት ውስጥ ይቀበራል። እምቡጡ ስለተነሣ ዋናው ግንድ መውጣት አይችልም፤ በምትኩ ከጎኑ በደርዘን የሚቆጠሩ ልጆች ያቆጠቁጣሉ። ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይነጣጠሉና ተጠጋግተው በረድፍ ይተከላሉ። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተነቅለው ራቅ ራቅ ብለው ይተከላሉ። በአንዳንድ ቦታ ሦስተኛ ዙር አለ። ሲነቀሉ ቅጠላቸው ይቆረጣል፣ ሥራቸውም ይከረከማል። በሌሎች የእንሰት አካባቢዎች ደግሞ ከልጅነት መደቡ በቀጥታ ወደ ዘላቂ ቦታው የሚሄድ አለ፤ ጎረቤታማቾች ሆነው በዚህ ጉዳይ የማይስማሙ ወረዳዎች ብዙ ናቸው።

ዝውውሩ ዋጋ አለው። በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆኑት አድማሱ ጸጋዬ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናታቸው ከመረመሯቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ተክሉ በተነቀለ ቁጥር ይደነግጣል፤ ሥሩን እስኪተካ ድረስ እድገቱ ይቆማል፤ አበባውም ይዘገያል። አንዴ ብቻ የተዛወረው ቶሎ ይደርሳል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተዛወረው ብዙ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ታዲያ ገበሬው ለምን ይደክማል? አንደኛ፣ ትንሹ እንሰት ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ገና በሕፃንነቱ ሰፊ ቦታ መስጠት መሬት ማባከን ነው፤ በዚያ ቦታ ጎመንና በቆሎ ይዘራበታል። ሁለተኛ፣ መዘግየቱ ራሱ ይፈለጋል። እንሰት የሚቆረጠው ሊያብብ ሲል ወይም ሲያብብ ነውና፣ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ረድፎች ያሉት ቤተሰብ በየዓመቱ የሚቆርጠው አያጣም። በፈለገበት ጊዜ የሚፈጥነውንና የሚዘገየውን የሚለየው በመቆፈሪያው ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ውስጥ ለበረንዳ የሚተርፈው ቅጠል የመቁረጡ ነገር ነው። ተክል ሲዛወር የሚሞተው ብዙ ጊዜ በውሃ ጥም ነው። ውሃ የሚመጥጡት ወፍራሞቹ ሥሮች ሳይሆኑ ከጫፋቸው ያሉት፣ በዓይን እንኳ በጭንቅ የሚታዩት የጸጉር ያህል የቀጠኑ ቅጥያዎች ናቸው፤ ተክሉ ሲነቀል መጀመሪያ የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ግን ይህን አያውቅም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ወደ አየር ያወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናትና በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ፣ ፀሐይዋም ጠንካራ ነች። ስለዚህ ዝውውር የሚሠራው ከዐሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ ነው። ለስለስ ያለ ቅጠል በብዛት ካለው ሲሶው ይቀነሳል፤ ለአምስት ስድስት ቀን ጥላ ይደረግለታል። ማዳበሪያ በዚህ ሰሞን አይሰጥም፤ የቆሰለ ሥር ላይ ጨው መነስነስ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ «መቼ» የሚለውን የሚመልሰው ሥሩ ነው። ምልክቶቹ ከውጭም ይታያሉ። ጠዋት በደንብ የጠጣ ተክል እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል። ውሃው ሲፈስበት ሳይሰርግ ወዲያው ከታች ይወጣል። ዕቃው ሲነሣ እንደ ባዶ ይቀላል። ስስ ፕላስቲክ ከሆነ ጎኑ ያብጣል። አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ከቀደሙት ያንሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አያሳምንም፤ ቢጫ ቅጠል ደግሞ ምንም አይመሰክርም፤ ውሃ የበዛበትም፣ ምግብ ያነሰውም፣ ያረጀውም ቢጫ ይሆናል።

ማስረጃው የሚገኘው ተክሉን ገልብጦ በማየት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይፈራል፤ የሚያስፈራ ግን አይደለም። አፈሩ ትንሽ እርጥብ ሲሆን የግራ እጅ መዳፍ ግንዱን በጣቶቹ መሐል አሳልፎ አፈሩን ይሸፍናል፤ ዕቃው ይገለበጣል፤ ጠርዙ በጠረጴዛ ጫፍ ላይ አንድ ሁለቴ መታ መታ ሲደረግ አፈሩ እንዳለ ይወጣል። አፈሩ ፈርሶ በእጅ ላይ ከተበተነ ጊዜው ገና ነው፤ ቶሎ መልሶ መትከልና ለአንድ ሁለት ወር መርሳት ነው። የዕቃውን ቅርጽ ይዞ ከወጣ፣ ነጫጭ ሥሮች ዙሪያውን ቢታዩበትም በመሐላቸው አፈር የሚታይ ከሆነ፣ ያ ነው ትክክለኛው ቀን። አፈር የሚባል ሳይታይ ቡናማ ሥር ብቻ ተጠቅልሎ ከወጣ ደግሞ ዘግይቷል። የዘገየው እንዳለ ወደ ትልቅ ዕቃ ቢገባ ሥሩ ከክቡ አይወጣም፤ አዲሱ አፈር መሐል ላይ የድሮውን ዕቃ ቅርጽ እንደያዘ ይቀመጣል። በስለታም ቢላዋ ከላይ እስከ ታች ሦስት አራት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ከታች የተጠማዘዘው ይቆረጣል። ጭካኔ ይመስላል እንጂ ከተቆረጠው ጫፍ ጀርባ አዳዲስ ሥሮች ወደ ውጭ ይወጣሉ።

አፈሩን በተመለከተ የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ የራሱ መከራ አለው። ከእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ይገኛል፤ ወደ ቦሌ ቡልቡላና ወደ አቃቂ ሲወረድ ግን ምድሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ይከፍላል። በባልዲ ውስጥም ይህንኑ ይሠራል። ሲደርቅ ይኮማተርና ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል፤ በተፈጠረው ክፍተት ውሃው ሥሩን ሳይነካ ይወርዳል። ባለቤቱ ከታች ውሃ ሲወጣ አይቶ «ጠጥቷል» ይላል። የደረቀው ጓል መሐሉ ግን ዱቄት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ያጋጠመው ሰው ዕቃውን እንዳለ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ነክሮ ያጠጣዋል፤ በኋላ ሲያዛውረው አፈሩን ይቀይራል። በችግኝ ጣቢያዎች የሚታወቀው ቅይጥ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የጫካ አፈር ወይም በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ዋልካ በሆነበት ሰፈር የመጀመሪያው ቀንሶ የመጨረሻው ቢጨምር ይመረጣል። በአሸዋው ምትክ ከቢሾፍቱ አካባቢ ለመንገድ ሥራ የሚመጣው ሬድ አሽ ተነፍቶ ሲገባበት ቀላልም አየር አስገቢም ይሆናል። ያልበሰለ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል።

በዓይነት በዓይነቱ ስናየው፣ ቃሪያና ቲማቲም አንድ ዓመት እንኳ የማይሞሉ ስለሆኑ ሁለት ዝውውር ይበቃቸዋል፤ ከመዝሪያው ወደ ትንሽ ዕቃ፣ ከዚያ አበባ ሳያወጡ ወደ መጨረሻው። አበባ ከያዙ በኋላ ማንቀሳቀስ አበባውን ማራገፍ ነው። ቲማቲም ግንዱ ጠለቅ ተደርጎ ቢቀበር ከግንዱ ሥር ያወጣል፤ ቃሪያ በነበረበት ጥልቀት ይተከል። ካሮትና ድንብላል ፈጽሞ አይዛወሩም፤ በሚያድጉበት ዕቃ ይዘራሉ። ጤና አዳምና ሮዝመሪ በልጅነታቸው በዓመት አንዴ፣ ሲጎለምሱ በሁለት ዓመት አንዴ ይበቃቸዋል። ጽጌረዳ ሁለት ሦስት ዓመት ትቆያለች። እሬትና ሳንሰቬሪያ ጠበብ ሲላቸው ይወዳሉ፤ ዕቃውን እስኪያስጨንቁት መተው ይቻላል። የተዳቀለ ሎሚ ሲዛወር ድቅያው ያለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ አለዚያ ከታች ያለው ዘር አሸንፎ እሾሃሙ ይወጣል።

ወቅቱስ? በየመጽሐፉ «በጸደይ አዛውሩ» የሚለው ምክር የተጻፈው ክረምቱ በረዶ ለሆነበት፣ ተክል ለአራት ወር ለሚተኛበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፤ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይወጣም አይወርድም። እዚህ ዓመቱን የሚከፍሉት ዝናቡና ደመናው ናቸው። መሬት ላይ ለሚተከል ዛፍ ሐምሌ ዋና ጊዜው ነው፤ ዝናቡ ያጠጣዋል። በዕቃ ላለ ተክል ግን ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉ የባሱ ወራት ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። ብርሃን የለም፣ አዲሱ አፈር አይደርቅም፣ ቀዝቃዛ ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ፀሐይ ስትመለስ፣ ወይም መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ያለው ጊዜ ይመቻል። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሥር ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው። ሥሩ ጨርሶ የታነቀ ተክል ግን መስከረምን ይጠብቅ አይባልም።

ደረጃው የሚያልቅበት ቦታም አለ። እርጥብ አፈር በሊትር ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ሊመዝን ስለሚችል 20 ሊትር የሞላ ጀሪካን 30 ኪሎ ያህል ነው፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይ እሱን ከፍ ባለ ዕቃ መቀየር የሁለት ሰው ሥራ ይሆናል፤ በረንዳውም የራሱ አቅም አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በቦሌ መንገዶች ዳር የተቀመጡት ትልልቅ የአበባ ማሰሮዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ማንም አያነሣቸውም። እንዲህ ያለው ተክል ዕቃው ሳይለወጥ አፈሩ ይለወጥለታል። ከላይ አምስት ሴንቲሜትር ያህል አፈር ሥሩ ሳይጎዳ በሹካ ይነሣና በብስባሽ ይተካል፤ ይህ በዓመት አንዴ ይበቃል። በሦስተኛው ዓመት ገደማ ተክሉ ወጥቶ ከዙሪያውና ከታች የሥሩ ሩብ ያህል ተቆርጦ፣ ከላይም ቅርንጫፉ በዚያው ልክ ተገርዞ፣ በአዲስ አፈር ወደዚያው ዕቃ ይመለሳል። ሮዝመሪና ጤና አዳም ግንዳቸው ወደ እንጨትነት ከተለወጠና መሐላቸው ከተራቆተ ግን ይህም ብዙ አይረዳቸውም፤ ገና ካልጠነከረው ጫፋቸው ስንዝር የማይሞላ ቁርጥራጭ ተወስዶ፣ ታችኛው ቅጠል ተሸልቶ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በጥላ ቢሰካ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ የራሱን ሥር ያወጣል።